የሙከራ ሪፖርት ለደንበኛ ሲቀርብ

ጥያቄ፦ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር ፈታሽ ነኝ። በኩከምበር (ሙከራን በተራ ቋንቋ ለመጻፍ በሚያስችል መሣሪያ) እና በሴሬኒቲ (የሙከራዎቹን ውጤት ሪፖርት አድርጎ በሚያወጣ መሣሪያ) የጻፍናቸው ሙከራዎች በየሌሊቱ በራሳቸው ይካሄዳሉ። ኃላፊያችን ሪፖርቱን ለደንበኞቻችን መረጃ ሰነድ እንዳደርገው አዝዘውኛል። አርማችንን አስገባሁ፣ ቀለሙን ቀየርኩ፤ ደንበኞቹ ግን «ብድር ሙከራ 14፦ አልፏል» የሚለውን አይተው ምንም እንዳልገባቸው ይናገራሉ። ምን ላድርግ?
ጠያቂ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አርማው መልካም ነው፤ አሁን ወደ ሙከራዎቹ ርእስ ይሂዱ። የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ማወቅ የምትፈልገው ክፍያ ሲዘገይ ቅጣቱ እንዴት እንደሚሰላ ነው። ስለዚህ ርእሱ ራሱ ደንቡን ይናገር፦ «የዘገየ ክፍያ ቅጣት የጳጉሜን ቀናትንም ይጨምራል»። ከሥሩ የምሳሌዎች ሰንጠረዥ ያስገቡ። መክፈያው ነሐሴ 30 የነበረ ብድር መስከረም 1 ቢከፈል፣ ጳጉሜን 6 ቀን በነበረችበት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የዘገየው 7 ቀን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግን 6 ቀን። ሴሬኒቲ ሰንጠረዡን ከየረድፉ ውጤት ጋር ያወጣዋል። ሒሳብ ሹሟ በጣቷ ቆጥራ ልታረጋግጠው የምትችለው ገጽ ከማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ የበለጠ ታምነዋለች።

አዲሶቹ የኩከምበር እትሞች የአማርኛ ቁልፍ ቃላትን (የሙከራውን ክፍሎች የሚለዩትን ቃላት) ይቀበላሉ። በሙከራው ፋይል አናት የሚጻፈው የቋንቋ ኮድ ባለ ሦስት ፊደሉ «ኤ ኤም ኤች» ነው፤ «ኤ ኤም» ብቻ ከጻፉ አርመንኛ ይሆንብዎታል። ፋይሎቹን የአማርኛ ፊደላትን በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ያስቀምጡ።

የሙከራ ፋይሎቹ የሚቀመጡባቸውን ማውጫዎች ደንበኛው ሥራውን በሚጠራበት መንገድ ይክፈሏቸው፦ ቁጠባ፣ ብድር፣ የትርፍ ክፍፍል። በየማውጫው «ሪድሚ» የተባለ አጭር ጽሑፍ ቢያኖሩ ሴሬኒቲ ከሙከራዎቹ በላይ ያሳየዋል። ይህን ቦታ እባክዎ አይናቁት። ሙከራ ደንቡ በትክክል መሥራቱን ያሳያል፤ ደንቡ በየትኛው ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እንደመጣና ለምን እንዳስፈለገ ግን ሰው ካልጻፈው ማንም አያውቀውም።

የስክሪን ፎቶ በየእርምጃው ማንሳት ሪፖርቱን ያጨናንቃል። ደንበኛው በዓይኑ ሊያየው ለሚገባው ገጽ ብቻ ያንሱ። በፎቶው ላይ የእውነተኛ አባላት ስምም ሆነ የቁጠባ መጠን ፈጽሞ መታየት የለበትም፤ ለሙከራ የሚሆኑ አባላትን ራስዎ ይፍጠሩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለማንም ትእዛዝ አይለዘቡ።

የወደቁትን ሙከራዎች ይሰርዙ የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። አይሰርዙ። ለደንበኛው የሚሰጠው ሪፖርት በተለቀቀው እትም ላይ የተካሄደው ይሁን፤ የእትሙን ቁጥርና ቀኑን ይጻፉበት። ገና ያልተሠሩትም «በመጠባበቅ ላይ» ተብለው ይታዩ፤ ደንበኛው የከፈለበት ሥራ የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አለው። የየሌሊቱ ሪፖርት ለእናንተ ለባለሙያዎቹ ይበቃል።