ጋላክሲን ከግቢ ሆኖ ፎቶ ማንሳት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ አለኝ። ስልኬን በዓይን መመልከቻው ላይ ገጥሜ የጨረቃን ጉድጓዶች በጥሩ ሁኔታ አንስቻለሁ። የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ሳነሳ ግን የሚወጣልኝ ጥቁር ምስል ወይም የደበዘዘ ግራጫ ነጥብ ብቻ ነው። ጓደኞቼ ቴሌስኮፑ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ትልቅ ግዛ ይሉኛል። በእርግጥ ችግሩ የቴሌስኮፑ መጠን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው ያስቀምጡት። ለጨረቃ የሚያስፈልገው ማጉላት ነው፤ ለጋላክሲ የሚያስፈልገው ግን ብርሃን ማጠራቀም ነው፤ ብርሃን ለማጠራቀም ደግሞ ከቴሌስኮፑ ስፋት በፊት ጊዜ፣ የማይነቃነቅ መቆሚያና ጨለማ ሰማይ ይቀድማሉ። አንድሮሜዳ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ቢርቅም በሰማይ ላይ የሚይዘው ቦታ ትንሽ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር 3 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ስድስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚሸፍኑትን ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ስልክዎ ያነሳው ግራጫ ነጥብ ስሕተት ሳይሆን የጋላክሲው እምብርት ነው፤ ቀሪው አካሉ ወይ ከምስሉ ውጭ ቀርቷል፣ ወይ ብርሃኑ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ የተበተነ በመሆኑ በአንድ አጭር ፎቶ ሊታይ አልቻለም። ትልቅ ቴሌስኮፕ ገዝተው አብልጠው ቢያጎሉት ደግሞ የሚያዩት ከዚህም ያነሰ ክፍሉን ነው።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከወዳጅ ተውሼም ሆነ ያገለገለ ገዝቼ፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራና ባለ 135 ወይም ባለ 200 ሚሊሜትር ሌንስ አገኝ ነበር። እንዲህ ያለው ሌንስ አንድሮሜዳን ከነሙሉ አካሏ፣ ከሁለቱ ትናንሽ አጃቢ ጋላክሲዎቿ ጋር በአንድ ምስል ይይዛል። ካሜራው በተራ ትራይፖድ ላይ ከቆመ ምድር ስለምትሽከረከር ከዋክብቱ ቶሎ ወደ ጭረትነት ይለወጣሉ፤ በ135 ሚሊሜትር ሌንስ አንዱ ፎቶ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ ባይበልጥ ይሻላል። ይህ በጣም አጭር ይመስላል። ነገር ግን ባለ ሁለት ሰከንድ ፎቶዎችን አንድ ሺህ ያህል አንስቶ ሲሪል ወይም ዲፕ ስካይ ስታከር በተባሉት ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ማደራረብ ከግማሽ ሰዓት በላይ የተጠራቀመ ብርሃን ይሰጣል። ሲደራረቡ የጋላክሲው ብርሃን በፎቶዎቹ ብዛት ልክ ሲያድግ፣ እዚህም እዚያም በዘፈቀደ የሚታየው የሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ነጠብጣብ ግን የሚያድገው በብዛቱ ስኩዌር ሩት ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ሒሳብ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቢያውቁት ይጠቅማል፦ የምስሉን ጥራት እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ግማሽ ሰዓቱን ወደ ሁለት ሰዓት ማሳደግ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው፤ ያንን እንደገና እጥፍ ለማድረግ ግን ስምንት ሰዓት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው አንሺዎች በአንድ ጋላክሲ ላይ ብዙ ሌሊት ይመላለሳሉ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በሙያው የሕንፃ ተቋራጭ የነበረው የዌልስ ተወላጅ አይዛክ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1888 መጨረሻ ላይ በራሱ ቴሌስኮፕ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ያጠራቀመ የአንድሮሜዳ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ እስከዚያ ድረስ በዓይን ብቻ ተመልክተው ያልለዩትን ጠመዝማዛ ቅርጽ ለዓለም አሳየ። በጊዜው ጋላክሲ መሆኗ ገና አልታወቀም ነበር።

ሁለት ነገሮችን ግን በተለይ አደራ እላለሁ። አንደኛው ፎከስ ነው። በሌንሱ ላይ የተጻፈውን ማለቂያ የሌለው ርቀት ምልክት (∞) አይመኑት። ካሜራውን ወደ አንድ ደማቅ ኮከብ አዙረው፣ በስክሪኑ ላይ በዐሥር እጥፍ አጉልተው፣ ቀለበቱን በጣም ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ኮከቡ እየጠበበ ሄዶ በጣም ትንሽ ነጥብ ይሆንና ትንሽ ሲያልፉት ተመልሶ ይሰፋል፤ ወደ ትንሿ ነጥብ መልሰው ቀለበቱን በፕላስተር ያሽጉት። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፎከሱ ስለሚንሸራተት በየሰዓቱ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የማረሚያ ፎቶ ነው። ሥራዎን ሲጨርሱ የሌንሱን ክዳን ገጥመው በዚያው ሰከንድና በዚያው ቅዝቃዜ ሠላሳ ያህል ጥቁር ፎቶዎች ያንሱ፤ የሴንሰሩን ጉድለቶች የሚያጠፉት እነርሱ ናቸው። ቀጥሎም ፎከሱን ሳይነኩ አንድ ንጹሕ ነጭ ነጠላ እጥፍ አድርገው በሌንሱ አፍ ላይ ወጥረው ወደ ንጋቱ ሰማይ ጥቂት ያንሱ፤ ይህ ደግሞ የምስሉን ጠርዝ መጨለምና በሴንሰሩ ላይ ያረፈውን የአቧራ ጥላ ያስወግዳል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሁለተኛ ሥራ ይዘሉታል፤ ከዚያም ለምን የጋላክሲው ዳርቻ አልታይ እንዳለ ሲጨነቁ እናያለን።

ስለ ጨረቃና ስለ ከተማ መብራት የምለው አጭር ነው፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከአዳማ መብራት ወጥተው የሚያነሱት አንድ ሰዓት በከተማው መካከል ከሚያነሱት ብዙ ሰዓት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው የምኖረው። ኮከብን ተከትሎ የሚዞር ኢኳቶሪያል ማውንት አገኘሁ። መመሪያው በሰሜን ኮከብ አስተካክል ይላል፤ ነገር ግን በሰሜን በኩል ያለው ተራራ ስለሆነ ኮከቡን ከቶ አላየውም። በዚያ ላይ ክብደቱ ሲወርድ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጭብኛል። ማውንቱ ብልሹ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማውንቱ ብልሹ አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ሰማይ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የምትወጣው እኛ ካለንበት ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ በለንደን ከ50 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ ስትታይ በአዲስ አበባ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ከእንጦጦ ግርጌ ሆኖ እርሷን ማየት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ማውንቶች ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ኬክሮስ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ዋናው ዘንጋቸው ወደ 9 ዲግሪ ሲወርድ ሊተኛ ስለሚቃረብ፣ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከማውንቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይወርድና ወደ ሰሜን የተዘረጋውን እግር ይመታል። መፍትሔው ትራይፖዱን አዙሮ አንዱን እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱን ወደ ሰሜን ማድረግ ነው፤ ክብደቱ በሁለቱ እግሮች መካከል ያልፋል። የከፍታ ማስተካከያው እስከ 9 ዲግሪ አልወርድ ካለ በሰሜን በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች ጥቂት በማሳጠር ቀሪውን ማካካስ ይቻላል፤ ነገር ግን ቴሌስኮፑን ከመጫንዎ በፊት እንዳይገለበጥ በእጅዎ ጫን እያሉ ይፈትኑት።

ኮከቡን ሳያዩ ማስተካከልም ይቻላል። በኮምፓስ ወደ ሰሜን አቅጣጫ ከያዙ በኋላ፣ በደቡብ በኩል ከአናት በታች ከሚያልፉት መካከል ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ በሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) አቅራቢያ ያለ አንድ ኮከብ በመመልከቻው መስቀለኛ መስመር ላይ ያኑሩና ማውንቱ እየተከተለ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አጋድሏል ማለት ነው፤ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተ ወደ ምዕራብ አጋድሏል። ከዚያ በምሥራቅ ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ይምረጡ፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ዘንጉ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል፣ ወደ ደቡብ ከሄደ ዝቅ ብሏል። መንሸራተቱ እስኪቆም ድረስ ሁለቱን እያፈራረቁ ያስተካክሉ። ካሜራዎ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ከሆነ ኒና የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሰማዩን በሦስት ቦታ ፎቶ አንስቶ የዘንጉን ስሕተት ራሱ አስልቶ ይነግርዎታል፤ የሰሜን ኮከብ መታየት አያስፈልገውም። የድሮውን ዘዴ አንድ ጊዜ በእጅዎ ቢሠሩት ግን ማውንቱ ለምን እንደሚዞር የሚገባዎት ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ለጀማሪ የምመርጠውም እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ሲስታር ኤስ 50 የተባለውን በስልክ የሚታዘዝ ቴሌስኮፕ ሊያመጣልኝ ነው። የከተማ መብራት የሚከለክለው ማጣሪያ አብሮት ስላለ ከቤቴ ጣሪያ ላይ ሆኜ ጋላክሲዎችን እንደማነሳ ነገረኝ። እንደተባለው ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መሣሪያው ለዋጋው ጥሩ ነው፤ ራሱ ሰማዩን ለይቶ ያነጣጥራል፣ ፎቶዎቹንም ራሱ ያደራርባል። ስለ ማጣሪያው የተነገረዎት ግን ለጋላክሲ አይሠራም። ያ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ጋዝ የሚወጡትን ጠባብ የብርሃን መስመሮች ነው፤ ስለዚህ እንደ ኦሪዮን ላሉት ኔቡላዎች (በሰማይ ላይ ላሉ የጋዝ ደመናዎች) ድንቅ ሥራ ይሠራል። የጋላክሲ ብርሃን ግን የቢሊዮኖች ከዋክብት ብርሃን በመሆኑ በሁሉም ቀለማት ላይ የተዘረጋ ነው፤ ማጣሪያው የመንገድ መብራቱን ሲከለክል የጋላክሲውንም አብሮ ይከለክላል። ጋላክሲ ሲያነሱ ማጣሪያውን ያጥፉትና በምትኩ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡት፤ ከቻሉም ከከተማ ይውጡ። የምስሉ ሜዳ ጠባብ ስለሆነ አንድሮሜዳ በአንድ ምስል አትገባም፤ ክፍል በክፍል አንስቶ የሚገጣጥመውን አማራጭ ይጠቀሙ። በእኛ አገር ብዙ ጋላክሲዎች በአናታችን ላይ ስለሚያልፉ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር መሣሪያ በዚያ ሰዓት መከተል ይቸግረዋል፤ ከአናት ከመድረሳቸው በፊት ወይም ካለፉ በኋላ ያንሷቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የተማሪዎቼ ክበብ አንድ ባለ 20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕና ካሜራ አለው። በየትኛው ወር ምን ብናነሳ ይሻላል? ሥራችንስ ከቆንጆ ፎቶ ያለፈ ጥቅም ይኖረው ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህር፣ ያሉበት ቦታ ብዙዎች የሚመኙት ነው። በኅዳር ወር መካከል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ቢዞሩ አንድሮሜዳ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚያው ሰዓት ወደ ደቡብ ቢዞሩ ኤን.ጂ.ሲ. 253 የተባለው ብሩህ ጋላክሲ በ55 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይገኛል። የለንደን ሰው ይህን ሁለተኛውን የሚያየው ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ በጭጋግ ውስጥ ነው፤ የኬፕታውን ሰው ደግሞ አንድሮሜዳን እንዲሁ ዝቅ ብላ ያገኛታል። ሁለቱንም ከፍ ብለው በአንድ ምሽት የሚያገኙት እንደ እኛ ከምድር ወገብ አጠገብ የሚኖሩ ናቸው። ይህን ለተማሪዎችዎ በሉል ላይ ቢያሳዩአቸው ደስ ይለኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት የሚልባቸው ወራት ናቸው፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ግን ልጆቹ ወፍራም ጋቢ ይዘው ይምጡ፣ ባትሪም መለዋወጫ ይኑር፤ ብርድ ባትሪን ቶሎ ያደክማል። በጥር ወር የደቡቡ አድማስ ክፍት ከሆነ ትልቁ የማጄላን ደመና የተባለው ጎረቤት ጋላክሲ በ11 ዲግሪ ገደማ ላይ ይታያል፤ እርሱን በቴሌስኮፑ ሳይሆን በካሜራው ሌንስ ያንሱት። በሚያዝያ፣ የበልጉ ደመና ከፈቀደ፣ ከ1,000 በላይ ጋላክሲዎች ያሉበት የቨርጎ ክምችት እኩለ ሌሊት ሳይደርስ በአናታችሁ ላይ ያልፋል። ጥቁር ጉድጓዱ እ.ኤ.አ. በ2019 በምስል የታየው ኤም 87 ጋላክሲም እዚያው ነው፤ የእናንተ ካሜራ ጋላክሲውን በደንብ ያነሳዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ቪክቶር ቡሶ የተባለ አርጀንቲናዊ ቁልፍ ሠሪ በሮዛሪዮ ከተማ ከቤቱ ጣሪያ ላይ በ40 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፑ አዲስ ካሜራ ይሞክር ነበር። ኤን.ጂ.ሲ. 613 የተባለውን ጋላክሲ በአጫጭር ፎቶዎች ደጋግሞ ሲያነሳ በመጀመሪያዎቹ ያልነበረች አንዲት ነጥብ በኋለኞቹ ላይ እየደመቀች መጣች፤ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ብርሃኑ የወጣበትን የመጀመሪያ ቅጽበት ነበር የያዘው። ሱፐርኖቫው ኤስ.ኤን. 2016ጂኬጂ ተባለ፤ ከግኝቱ የተገኘው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ከእርሱ ስም ጋር ታትሟል። ያ ጋላክሲ ከደብረ ብርሃንም በኅዳር ምሽቶች በደቡብ በኩል ከ50 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ደግሞ ኮይቺ ኢታጋኪ የተባለው ጃፓናዊ አማተር ኤም 101 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ሌላ ሱፐርኖቫ ከማንም ቀድሞ አይቷል።

ስለዚህ ክበቡ ሃያ ወይም ሠላሳ ብሩህ ጋላክሲዎችን መርጦ፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ አንስቶ በማኅደር ያስቀምጥ፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ሁሉ አጭር ፎቶ እያነሳ ከማኅደሩ ጋር ያስተያይ። አዲስ ነጥብ ቢታይ ወዲያው አይደሰቱ። በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ደግመው ያንሱና ነጥቡ ከጋላክሲው አንጻር ቦታውን ከለወጠ አስትሮይድ ነው፤ ካሜራውን ትንሽ ዘወር አድርገው ሲያነሱት አብሮ ከዞረ የሴንሰሩ ጉድለት ነው። ሁለቱንም ካለፈ፣ የነጥቡን ሥፍራና ያነሱበትን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት መዝግበው፣ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እንዲህ ያሉ ግኝቶችን በሚቀበልበት ትራንዚየንት ኔም ሰርቨር በተባለው መዝገብ ላይ ሌላ ሰው አስቀድሞ አስታውቆ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልተመዘገበ በክበቡ ስም ያስመዝግቡት።