ከኮፈን በታች ያለውን በትክክል ስለመሥራት፤ ለወጣት ሞዴል ሠሪዎች የተሰጠ ምክር

ውድ ወጣት ሞዴል ሠሪዎች፣

የሥራ ዘመኔን እውነተኛ ሞተር በመፍታትና በመግጠም፣ የዕረፍት ጊዜዬን ደግሞ ያንኑ ሞተር 24 እጥፍ አሳንሶ በመሥራት ስላሳለፍሁ፣ ስለ ሁለቱም ጥቂት የምለው አለኝ። የእናንተን ትውልድ ሥራ ስመለከት የውጭው ቀለም እኛ በዕድሜያችሁ ከምንሠራው እጅግ የጠራ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው ከየትም ተነሥቶ የትም የማይደርስ ቱቦ፣ መነሻውም መድረሻውም የማይታወቅ ሽቦ፣ ነዳጅ የሚያመጣለት መስመር የሌለው ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ነው። ዕቃው በዝቷል፤ ሞተር ግን አልሆነም። የምመክራችሁ ዋና ነገር አንድ ነው፤ ማንኛውንም የሞተር ክፍል ከማጣበቃችሁ በፊት ያ ክፍል ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ተቀብሎ ለማን እንደሚያቀብል እወቁ። ይህን ያወቀ ሰው ፎቶግራፍ ቢጎድለው እንኳ ብዙ አይሳሳትም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ግን መቶ ፎቶግራፍ ፊቱ ቢደረደርለትም የሚያየው የተዘበራረቀ ሽቦ ብቻ ነው።

በመኪና ሞተር ውስጥ የሚጓዙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ አየር፣ ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣ ውሃ፣ ዘይትና በመጨረሻ የሚወጣው ጭስ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የእያንዳንዳቸውን መንገድ በወረቀት ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው በእርሳስ ተከተሉ። ውሃው ከራዲያተሩ ታችኛ ክፍል ወደ ውሃ ፓምፑ ይገባል፤ ብሎኩንና ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን አካልና ከላዩ የሚገጠመውን ራስ) ዞሮ ሙቀቱን በሚቆጣጠረው ቴርሞስታት በኩል ወደ ራዲያተሩ ላይኛ ክፍል ይመለሳል። ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር የሚጨምቅ መሣሪያ) ባለው ሞተር ላይ ንጹሑ አየር ከማጣሪያው ወደ መጭመቂያው፣ ከዚያ አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለሩም ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ይሄዳል፤ ጭሱ የሚያሽከረክረው የቱርቦው ሌላ ወገን የራሱ መግቢያና መውጫ ስላለው ከዚህ አየር ጋር አይገናኝም። ሆኖም ሁለቱን ወገኖች በአንድ ቱቦ ያገናኘ ሞዴል በውድድር ጠረጴዛ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውምና የካንዴላ ሽቦ አይቀጠልለትም፤ በምትኩ ከኢንጄክሽን ፓምፑ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሄድ ጠንካራ የብረት ቱቦ አለው፣ በብዙዎቹም ላይ ቱቦዎቹ እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ስለሚፈለግ ለፓምፑ ቅርብ ወደሆነው ሲሊንደር የሚሄደው ቱቦ ተጣጥፎና ተጠምዝዞ ይደርሳል። የማዝዳ ባለ ሁለት ሮተር (በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር ክፍል) ሞተር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ ስላለው አራት ሽቦ ይፈልጋል። በአየር የሚቀዘቅዘው የቀድሞው ፖርሼ 911 ራዲያተርም የውሃ ቱቦም የለውም፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ኦልተርኔተርም በትልቁ ማቀዝቀዣ ፋን መሀል ነው የተቀመጠው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመኪናው ማንነት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በደፈናው «የስድሳዎቹ ሙስታንግ» የሚባል ሞተር የለም፤ ያለው በአንድ በተወሰነ ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ አንድ የተወሰነ መኪና ነው። ፎርድ ሙስታንግን ማምረት የጀመረው በማርች 1964 ሲሆን እስከዚያው ዓመት ኦገስት አካባቢ የተሠሩት የቀድሞው ዓይነት ኤሌክትሪክ አመንጪ የሆነው ዲናሞ ነበራቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በኦልተርኔተር ወጡ። ዲናሞው ረዘም ያለ ሲሊንደር ነው፣ ኦልተርኔተሩ አጭርና ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን በ1፡24 መስፈርትም ቢሆን ማንም ያየዋል። ፎርድ ሞተሮቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ መቀባት የጀመረው ከ1966 ሞዴል ወዲህ ነው፤ የ1965ቱን ቪ8 (በቪ ቅርጽ በሁለት ረድፍ የቆመ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር) ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የቀባ ሰው አንድ ዓመት ቀድሟል። ጃጓር ኢ-ታይፕ በ1961 ሲወጣ ባለ 3.8 ሊትር ሞተሩ ሦስት ኤስዩ የሚባሉ ካርቡሬተሮችና ወርቃማ ቀለም የተቀባ ቴስታታ ነበረው፤ ወደ አሜሪካ የተላኩት ግን በጭስ ቁጥጥር ሕጉ ምክንያት ከ1968 ጀምሮ በሁለት ስትሮምበርግ የሚባሉ ካርቡሬተሮች ይመጡ ነበር። የሼቭሮሌ ትንሹ ቪ8 በ1955 ሲወጣ በብሎኩ ላይ የዘይት ማጣሪያ መግጠሚያ እንኳ አልነበረውም፤ የተጨመረለት በሚቀጥለው ዓመት ነው።

የሞተሩ ዓይነት የመኪናውን አካል የሚለውጥበትም ጊዜ አለ። የጦር ተሽከርካሪ ለምትሠሩ ሸርማን ታንክ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ኤም4ኤ1 ከአውሮፕላን የመጣ ባለ 9 ሲሊንደር ሞተር፣ ኤም4ኤ2 ሁለት የናፍጣ ሞተሮች፣ ኤም4ኤ3 የፎርድ ቪ8፣ ኤም4ኤ4 ደግሞ አምስት የክራይስለር ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሮችን በማጣመር የተሠራ ባለ 30 ሲሊንደር ሞተር ነበራቸው። ይህ የመጨረሻው ሞተር ግዙፍ ስለነበር የታንኩ አካል 28 ሴንቲሜትር ገደማ እንዲረዝም፣ የመንኮራኩሮቹም ጥንዶች እንዲራራቁ ግድ ሆነ። በ1፡35 መስፈርት ይህ 8 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ የሌላውን ዓይነት አካል ወስዶ ይህን ሞተር ውስጡ መክተት አይቻልም።

ማስረጃ ስትፈልጉ በቅድሚያ የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍና የመለዋወጫ ካታሎግ ያዙ፤ በካታሎጉ ውስጥ ያለው የተበተነ ሥዕል እያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ የት እንደሚገባ ያሳያል፣ የተለወጡ ዕቃዎችም ከየትኛው የሻንሲ ቁጥር ጀምሮ እንደተለወጡ ብዙ ጊዜ ይጽፋል። በታደሰ መኪና ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ግን በጥርጣሬ ይታይ። አዳሾች የማይዝግ ቡሎን፣ የሚያብረቀርቅ ማሰሪያ፣ በፋብሪካ ፈጽሞ ያልነበረ ቀይ ሽቦ መጨመር ይወዳሉ፤ እናንተም ያንን ስትቀዱ የምትሠሩት የ1965ቱን መኪና ሳይሆን የአዳሹን ምርጫ ነው። ከተቻለ እውነተኛውን መኪና አግኝታችሁ በካሊፐር ለኩ። የታሚያ ኩባንያ በ1970ዎቹ የፖርሼ 934ን ሞዴል ለማዘጋጀት አንድ ፖርሼ 911 ገዝቶ ፈትቶታል፤ እናንተ መኪና መፍታት ባትችሉም የተፈታ መኪና ያለበት ጋራዥ ገብታችሁ ፈቃድ መጠየቅ ትችላላችሁ። መካኒክ ስለ ሥራው በጥሞና የሚጠይቀውን ወጣት ሲያባርር አላየሁም።

መጠንን በተመለከተ ግምትን ትታችሁ ማካፈልን ልመዱ። የተለመደ የካንዴላ ሽቦ ውፍረቱ 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ነው፤ ለ24 ሲካፈል 0.29 ወይም 0.33 ሚሊሜትር ይሆናል። ለሞዴል ተብሎ የሚሸጥ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ በእውነተኛው መኪና ላይ 12 ሚሊሜትር ማለት ስለሆነ ሞተሩን ሁሉ ያጨናንቀዋል። የ4.75 ሚሊሜትር የፍሬን ቱቦ 0.2 ይሆናል፤ 13 ሚሊሜትር ቁልፍ የሚይዘው የቡሎን ራስ ከ0.54 አይበልጥም። በኪቱ (ለመገጣጠም ተዘጋጅቶ በሚሸጠው የሞዴል ዕቃ) ውስጥ የሚመጣው የቬንትሌተር ክንፍ 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው በእውነተኛው መኪና 14 ሚሊሜትር የሚሆን ብረት ነው፤ ቢያንስ ጠርዙን ከኋላ በኩል ፍቃችሁ አሳሱት። ቀለምም ውፍረት እንዳለው አትርሱ፤ በሞዴል ላይ የተቀባ 0.1 ሚሊሜትር ቀለም 2.4 ሚሊሜትር ሆኖ ይቆጠራልና በትንንሾቹ ክፍሎች ላይ ቅርጹን ይቀብረዋል።

ብዙ ስሕተት የማየው በማቀጣጠያው ሥርዓት ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ባለ አንድ ዲስትሪቢውተር (ኤሌክትሪኩን በተራ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ቪ8 ሞተር ላይ ከክዳኑ ዘጠኝ ሽቦ ይወጣል፤ ስምንቱ ወደ ካንዴላዎቹ፣ መሀለኛው ኃይሉን ወደሚያሳድገው ቦቢና ይሄዳል። የሼቭሮሌ ትንሹ ቪ8 ዲስትሪቢውተር ከሞተሩ ኋላ ነው፤ 289 የሚባለው የፎርድ ቪ8 ዲስትሪቢውተር ከፊት ነው። ሼቭሮሌ ሲሊንደሮቹን በግራ ረድፍ ከፊት ወደ ኋላ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ በቀኝ ረድፍ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ብሎ ይቆጥራል፤ ፎርድ ደግሞ ከ1 እስከ 4 በቀኝ፣ ከ5 እስከ 8 በግራ። ግራና ቀኝ የምለው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ፊት ለሚያይ ሰው ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ከፊት ሆናችሁ ስትሠሩ ይገለበጣል። የሼቭሮሌው የማቀጣጠል ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ሲሆን ዲስትሪቢውተሩ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ የፎርዱ 289 ተራ 1-5-4-2-6-3-7-8 ሲሆን የሚዞረው በተቃራኒው ነው። ከክዳኑ ቀዳዳዎች አንዱን ቁጥር 1 ብላችሁ ከሰየማችሁ በኋላ የቀሩትን በተራቸው ማገናኘት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ክዳኑን በ0.3 ሚሊሜትር መብሻ ሳይሰነጥቁ መብሳት ነው፣ ለዚህም መብሻውን በጣት እያዞሩ በቀስታ መሥራት እንጂ ሞተር ያለው መሣሪያ አልመክርም። በሼቭሮሌው ላይ 5 እና 7 ጎን ለጎን ያሉና ተከታትለው የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ፣ ሽቦዎቻቸው ተጠጋግተው ከሄዱ የአንዱ ኃይል በሌላው ላይ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል፤ ጠንቃቃ መካኒክ ስለዚህ ያራርቃቸዋል። እናንተም ብታራርቁ የሚያውቅ ዳኛ ወዲያው ያስተውላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። በቪ ሞተር ላይ ሁለት ቢየላዎች (ፒስተኑን ከክራንኩ፣ ከሚሽከረከረው ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኙት ክንዶች) በአንድ የክራንክ አንገት ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱ የሲሊንደር ረድፍ ከሌላው ትንሽ ቀድሞ ይገኛል፤ በሼቭሮሌው የግራው፣ በፎርዱ የቀኙ ነው የሚቀድመው፣ ማለትም ቁጥር 1 ያለበት ረድፍ። ልዩነቱ በሼቭሮሌው ላይ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ በ1፡24 መስፈርት ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። ሁለቱን ቴስታታዎች ፍጹም ትይዩ አድርጎ የሠራ ኪት ካጋጠማችሁ አንዱን ወደ ፊት ገፋ ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሞተሩ ግን ያን ጊዜ ሌላ ይሆናል። የክራንኩ፣ የውሃ ፓምፑና የዲናሞው ፑሌጃዎችም ቺንጋው የሚይዛቸው በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲሆኑ ብቻ እንደሆነ ከጎን ሆናችሁ አረጋግጡ።

ስለ ቀለም ብዙ ስለሚጻፍ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ሁሉን ብረት በአንድ የብር ቀለም አትቀቡ። በፎርም የፈሰሰ አሉሚኒየም ደብዛዛና ሻካራ ነው፤ በማሽን የተላገ አሉሚኒየም ብሩህ ነው፤ የብረት ቧንቧ ከሁለቱም ይጠቁራል፤ ያልተቀባ የፈሰሰ ብረት የሆነው የጭስ ማኒፎልድ ሞተሩ ጥቂት እንደሠራ ቡናማ ግራጫ ይሆናል። ጎማ ቱቦን ድፍን ጥቁር ከመቀባት ጥቁር ግራጫ ማድረግ ይሻላል፣ ምክንያቱም በትንሽ መጠን ላይ ድፍን ጥቁር ቅርጹን ይውጠዋል። ኪቱ ይዞት የሚመጣው የመስታወት ያህል የሚያበራ ክሮም ለሞተር ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ በልብስ ማንጫ በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይለቃል፣ ጓንት ግን አድርጉ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋርም በፍጹም አትቀላቅሉት። የዘይት እድፍ የምትጨምሩ ከሆነ ዘይት የሚያፈስሰው ከመጋጠሚያ ነው፤ ከቴስታታው ክዳን ሥር ወይም ከፊተኛው የክራንክ ማኅተም ይነሣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ የመኪናው ነፋስም ወደ ኋላ ይወስደዋል። በደረቅ የብሎክ ጎን ላይ ያለ ምክንያት የታየ ጥቁር እድፍ ቆሻሻ እንጂ ታሪክ አይሆንም።

ሁሉን ልሥራ አትበሉ። ከአየር ማጣሪያው ሥር የሚደበቀውን የካርቡሬተር ምንጭ ሽቦ መሥራት ደስ የሚል ከሆነ ሥሩት፤ ነገር ግን ጊዜያችሁ ውስን ከሆነ ኮፈኑ ሲከፈት ዓይን በመጀመሪያ የሚያርፍባቸውን የላይኛውን የውሃ ቱቦ፣ የካንዴላ ሽቦዎችን፣ ቺንጋውን፣ የባትሪውን ገመዶችና የነዳጁን መስመር በትክክለኛ ውፍረት አስቀድሙ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሞተሩን ሳታጣብቁ በቦታው አስቀምጣችሁ ኮፈኑ መዘጋቱን እዩ፤ የአየር ማጣሪያው ከፍ ብሎ ኮፈኑ አልዘጋ ካለ መፍትሔው የሞተሩ መቀመጫ ላይ ነው እንጂ ማጣሪያውን በመሞረድ ላይ አይደለም።

በመጨረሻ ማስረጃ የሌለው ቦታ ይቀራል። ከሞተሩ ኋላ፣ በእሳት መከላከያው ግድግዳና በካምቢዮው መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ያነሣ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እዚያ ላይ የመኪና ፋብሪካ መሐንዲስ የሚከተለውን ተከተሉ፤ የነዳጅ ቱቦ ከጭስ ማኒፎልዱ ይርቃል፣ ማንኛውም ገመድ ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ ሳይታሰር አይሄድም፣ ረጅም ቱቦ በየመሀሉ በግድግዳው ላይ ይያዛል። ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሻገር ማንኛውም ቱቦና ሽቦ ጥቂት ላላ ያለ ርዝመት ይተውለታል። በሞዴላችሁም ላይ ከብሎኩ ወደ ግድግዳው የሚሻገሩትን ሁሉ ሳትወጥሩ ትንሽ ዝቅ ብለው እንዲሰቀሉ አድርጓቸው።