ከመስመሩ በስተቀኝ ጀምራችሁ አንብቡ

ስታቲስቲክስ መማር ለጀመራችሁ ወጣቶች፦

በጤና መረጃ ትንተና ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ሰው ሲያሰናክል ያየሁት ረጅም ቀመር ሳይሆን፣ «ለ ከሆነ፣ ሀ የመሆኑ ዕድል» ለማለት በምንጠቀምበት ፒ(ሀ|ለ) በሚለው አጻጻፍ መካከል የቆመችው ቀጭን መስመር ናት። እኔንም አሰናክላኛለች። ጀማሪ ሳለሁ «ምርመራው ከታመሙት 90 በመቶውን ይለያል» የሚለውን ውጤት ገልብጬ፣ «ምርመራው አለበት ያለው ሰው የመታመሙ ዕድል 90 በመቶ ነው» ብዬ በዘገባ ጻፍሁ። አለቃዬ ወረቀቱን የመለሱልኝ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ከስንቱ?» የሚል አንዲት ቃል ብቻ ጽፈውበት ነው።

እስቲ በሰው ቁጥር እንየው። ከተመረመሩት 1,000 ሰዎች 20ው ታመዋል እንበል፤ ምርመራው ከእነርሱ 18ቱን ለየ። ከ980ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 5 በመቶውን፣ ማለትም 49ኙን፣ በስሕተት «አለባቸው» አለ። ከታመሙት ስንቱ ተለየ ብትሉ 18 ከ20 ነው። አለባቸው ከተባሉት ስንቱ በእርግጥ ታሟል ብትሉ ግን 18 ከ67፣ ማለትም 27 በመቶ ገደማ ነው። ላዕሉ ያው 18 ነው፤ የተለወጠው ታህቱ ነው። ያንኑ ምርመራ ከ1,000ው 500ው በታመሙበት ክሊኒክ ብትጠቀሙበት 450 ሰው በትክክል፣ 25 ሰው በስሕተት ይለያል፤ መልሱም ወደ 95 በመቶ ይወጣል። መሣሪያው አልተሻሻለም፤ የመጡለት ሰዎች ናቸው የተለወጡት።

የምትማሩበት እንግሊዝኛ ምልክቱን ከግራ ወደ ቀኝ ያነበዋል፤ ሁኔታውም መጨረሻ ላይ ይመጣል። አማርኛችን ግን «ዝናብ ከጣለ መንገዱ ይጨቀያል» ብሎ ሁኔታውን ያስቀድማል። ስለዚህ ከመስመሩ በስተቀኝ ጀምራችሁ «ለ ከሆነ፣ ሀ የመሆኑ ዕድል» በሉት። በሐሳባችሁ ሰዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ለ ያልሆነውን ሁሉ ከክፍሉ አስወጡና የቀሩትን ቁጠሩ። ለ የግድ የሀ ምክንያት ወይም ቀዳሚ መሆን የለበትም። ሕመሙ ከምርመራው በፊት የነበረ ቢሆንም ከውጤቱ ተነሥተን ስለ ሕመሙ እንጠይቃለን፤ እንግሊዛዊው ቄስና የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ቤይዝ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 የታተመው ጽሑፉም ከታየው ነገር ተነሥቶ ወዳልታየው የሚሄድ ነበር።

መስመሯን የማካፈያ ምልክት አድርገው የሚያዩ ተማሪዎች ሁልጊዜ አሉ፤ ብዙም አልፈርድባቸውም፣ ምክንያቱም በውስጧ ማካፈል አለ። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተበየነው፣ ሀ እና ለ አብረው የመሆናቸው ዕድል ለ የመሆኑ ዕድል ላይ ይካፈላል፤ የለ ዕድል ግን ዜሮ መሆን የለበትም። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ሸምድዳችሁ እንዳታልፉት፣ በአለቃዬ እርሳስ አንብቡት፦ ሁሉም ከክፍሉ ከወጡ «ከስንቱ?» ለሚለው ጥያቄ የሚቆጠር ሰው አይቀርም።