«ጌታ ሆይ ውሰደኝ» ብሎ መጸለይ ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር እንዴት ነዎት። ሳውዲ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት ስሰራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናቴ ካረፈች አራት ወር ሆናት። መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት፣ ልብስ እያጠብኩ፣ ማዳም እየጠራችኝ ስለነበር በወጉ እንኳን አላለቀስኩም። የአምስት ወር ደሞዜንም አልሰጡኝም። ማታ ስተኛ «ጌታ ሆይ በቃኝ ውሰደኝ» እላለሁ። ጓደኛዬ እንደዛ አይባልም ኃጢአት ነው፣ ዝም ብለሽ ቻይው፣ እዚህ በተሰቃየሽ ቁጥር እዛ አክሊልሽ ይበዛል አለችኝ። እውነት ነው? እናቴንስ አገኛት ይሆን? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የእናትሽን ነፍስ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጋር ያኑርልሽ። መርዶ ቆሞ የሚያረዳሽ ሰው ሳይኖር፣ ድንኳን ሳይተከል፣ አንድ ሰው እንኳ አቅፎሽ ሳያለቅስ እጅሽ ሳሙና ውስጥ እያለ መስማት ምን ማለት እንደሆነ አስቤው ጥያቄሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «በቃኝ ውሰደኝ» ያልሽው አንቺ የመጀመሪያ አይደለሽም። ነቢዩ ኤልያስ ብሎታል፣ 1ኛ ነገሥት 19 ላይ አለልሽ። ኤልዛቤል ልትገድለው ስትፈልገው ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባና ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበቃኛል ነፍሴን ውሰድ አለ፣ ከዛ ደክሞት ተኛ። እና እግዚአብሔር ምን አለው? አልተቆጣውም፣ አንተ እምነት የጎደለህ ብሎ አላባረረውም፣ መልአክ ላከለትና ተነሥተህ ብላ አለው፣ ሲነሳ ራስጌው እንጎቻና ውኃ አገኘ። እንጎቻ! ያቺን እናትሽ እንጀራ ስትጋግር መጨረሻ ላይ ለልጅ ብላ የምትጋግራትን ትንሿን ማለት ነው። በልቶ ተመልሶ ተኛ፣ መልአኩ ደግሞ ቀሰቀሰውና መንገድህ ሩቅ ነው ብላ አለው። እግዚአብሔር ሞት ለሚለምን ሰው የሰጠው መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ ነው፣ ስብከት አይደለም። ሞትን የለመነው ኤልያስ ደሞ መጨረሻው በእሳት ሠረገላ ማረግ ሆነ፣ የለመነውን አላገኘም ከለመነው የሚበልጥ ነው ያገኘው።

ስለዚ ደክሞሽ ለእግዚአብሔር «በቃኝ» ብትዪው ልጅ አባቷ ጉልበት ላይ እንደማልቀስ ነው፣ አትፍሪ። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ፣ ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ከመጣ ይሄ ለብቻሽ የምትሸከሚው ነገር አይደለም፣ ዛሬውኑ ለምታምኛት እህት ደውዪላት፣ ለንስሐ አባትሽም ለኔም ንገሪን፣ ሐኪም የሚያስፈልግ ከሆነም ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። ነፍስን የሚወስድ የሰጣት ብቻ ነው። ኤልያስም ውሰዳት አለ እንጂ በራሱ ላይ እጁን አላነሳም።

ጓደኛሽ ያለችው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ አነጋገር በጣም ተለምዷል፣ እኔም ድሮ ላገኘኋት እህት «ቻይው ያልፋል» ብቻ ብዬ ሸኝቼ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። መከራ በራሱ አያጸድቅም። ስለ ክርስቶስ ብለው የተቀበሉት መከራ ዋጋ አለው፣ አዎ፣ ጳውሎስም ሮሜ 8፥18 ላይ የአሁኑ ሥቃይ ሊገለጥ ካለው ክብር ጋር አይመዘንም ይላል። ደሞዝ መከልከል ግን የነሱ ኃጢአት ነው እንጂ ያንቺ አክሊል ማምረቻ አይደለም። ያዕቆብ 5፥4ን አንብቢው፣ የተቀማ የሠራተኛ ደሞዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም እግዚአብሔር ጆሮ ገብቷል ይላል። እግዚአብሔር የሰማውን ጩኸት አንቺ ዝም በዪ የሚልሽ ማነው?

ጳውሎስን ተመልከቺልኝ ምን መሰለሽ፣ «አገራችን በሰማይ ነው» ብሎ የጻፈው ለፊልጵስዩስ ሰዎች ነው፣ ምዕራፍ 3 ቁጥር 20፣ እሱም ከእስር ቤት ሆኖ። እዛው መልእክት ላይ ምዕራፍ 1 ልሄድ ከክርስቶስም ጋር ልኖር እናፍቃለሁ ይላል፣ ያንቺኑ ናፍቆት ማለት ነው። ግን ይሄ ሰው እዛችው ፊልጵስዩስ ከተማ ያለ ፍርድ በበትር ገርፈው አስረውት ነበር፣ በነጋታው ቀስ ብለህ ውጣ ሲሉት እምቢ አለ፣ እኛ የሮሜ ሰዎች ሆነን ሳለን ሳይፈረድብን ደብድባችሁን አሁን በስውር ልታወጡን ነው? ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋ. 16)። ሹማምንቱም መጥተው ለመኗቸው። በኋላም ሲከሱት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። እና አገሬ ሰማይ ነው የሚለው ሰው ነው መብቱን የጠየቀው፣ ሁለቱ አልተጣሉበትም። አንቺም ደሞዝሽን ብትጠይቂ፣ የኮንትራትሽን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ብታስቀምጪ፣ ሪያድ ኤምባሲው ወይ ጅዳ ቆንስላው ጋ ብታመለክቺ ሰማይን ክደሽ አይደለም። ብቻ በችኮላ ከቤት ወጥተሽ ሌላ አደጋ ውስጥ እንዳትገቢ፣ አገሩን ከሚያውቁ እህቶች ጋር ተማክረሽ አድርጊው።

እና መንግሥተ ሰማያት ምን ሊጠቅመኝ ነው ትዪ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ገነትና መንግሥተ ሰማያትን ለይታ ነው የምታስተምረው፣ በእምነትና በንስሐ ያረፉ ነፍሳት እስከ ትንሣኤ ድረስ በገነት ይቆያሉ፣ በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ጌታ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ እንዳለው። ከዛ ግን የመጨረሻው ተስፋ ነፍስ ብቻ ወጥታ መሄዷ አይደለም፣ ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ሁሌ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» እንላለን አይደል፣ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን። ሥጋሽ ይነሳል። ያ በረኪና ያሻከረው መዳፍሽ፣ ደረጃ ስትወለውዪ ያበጠው ጉልበትሽ፣ ማዳም እቃ ብላ የምታየው ሰውነትሽ እግዚአብሔር ዘንድ ተቆጥሯል፣ በክብር ሊያስነሳው ነው። ስለዚ አሁንም ክብር አለው፣ አብዪው፣ አስተኚው፣ ስታገኚ አጉርሺው። ጾሙንም እንደ አቅምሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ አድርጊው፣ የሌለሽን አይጠይቅሽም።

እናትሽን አገኛት ይሆን ላልሽው፣ ሉቃስ 16 ላይ ያለው ባለጸጋ በሲኦል ሆኖ አብርሃምንም ደጁ የነበረውን ድሃ አልዓዛርንም ለይቶ አውቋቸዋል፣ በደብረ ታቦርም ሙሴና ኤልያስ ሲታዩ ሐዋርያት ማን እንደሆኑ አውቀዋል። ሞት መተዋወቅን አያጠፋም። አርባዋን በላክሽው ብር እንዳወጡላት ገምቻለሁ፣ ካላወጡም አትጨነቂ፣ ሰማንያዋ አለፈ ብለሽም አትዘኚ፣ ጸሎት ቀን አያልፍበትም። እዛ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም ብለሽ የቀረሽ አይምሰልሽ፣ ሰሃን ስታጥቢ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በዪላት፣ መቁጠሪያ ካላስያዙሽ ጣትሽ አለ። በዓለ ሃምሳ ሲመጣ ደሞ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስንባባል «አግዐዞ ለአዳም» የምትለዋ ላይ ቆም በዪ፣ አዳምን ነጻ አወጣው ማለት ነው። በሰው እጅ ላለ ሰው ይሄ ቃል ትልቅ ነው።

የእናትሽን የክርስትና ስም በውስጥ ላኪልኝ፣ እሁድ ቅዳሴ ላይ ስሟን አስጠራላታለሁ፣ ያንቺንም ጨምረሽ ላኪው። ዛሬ ማታ ደሞ ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ።