ፉርጎው መገንጠያ ላይ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት የሞዴል ባቡር ክበብ በ1፡87 መጠን ከፕላስቲክ የሠራኋቸው ባለ 15 ሳንቲ ሜትር የጭነት ፉርጎዎች በቀጥታው ሐዲድ ደህና ይሄዳሉ። ኩርባና መገንጠያ (ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ) ላይ ግን ከሐዲዱ ይወጣሉ። ልጆቹ ከካርቶን አውጥተው ወዲያው እንዲነዷቸው ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ መጀመሪያ ጎማዎቹን በካሊፐር ይለኩ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ ከአንዱ ጎማ ጀርባ እስከ ሌላው ጀርባ 14.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከጠበበ የጎማው ጀርባ መገንጠያው ላይ ካለው ጠባቂ ሐዲድ ጋር ይጣበቅና ሽቅብ ይወጣል።

ኩርባ ላይ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ቦጊዎች (ከፉርጎው ሥር ጎማዎቹን የያዙት ተሽከርካሪ ክፈፎች) እኩል ጠብቀው ስለሚታሰሩ ነው። ሐዲድ ፍጹም ለጥ ያለ አይሆንም፤ ፉርጎው ከሐዲዱ ጋር ካልተጠማዘዘ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአንዱን ቦጊ ብሎን ግራና ቀኝ ብቻ እንዲዞር አድርገው ያጥብቁት፤ ሌላውን ወደ ጎንም እንዲወዛወዝ ያላሉት። ከጎማው ልኬት ቀጥሎ ይህን ያስተካክሉ።

ክብደትም ወሳኝ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ምክር 28 ግራም መነሻ፣ ለእያንዳንዱ 2.54 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 14 ግራም ጭማሪ ነው፤ ለእርስዎ ፉርጎ 110 ግራም ገደማ ይሆናል። ክብደቱን ወለሉ ላይ ዝቅ አድርገው ያጣብቁ። ልጆች ስለሚነኩት እርሳስ አይጠቀሙ፤ የብረት ዳዶ ይበቃል።

ከማስረከብዎ በፊት ፉርጎዎቹን ቀጣጥለው መገንጠያውን ወደ ኋላ እየገፉ ያሳልፏቸው። ሲጎተት የተደበቀ ጉድለት ሲገፋ ይወጣል።