«አጸደ ሕፃናት» እና «አጸደ ነፍስ»

ጥያቄ፦ ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት «አጸደ ሕፃናት» እንላለን፤ ስለ ሞተ ሰውም «በአጸደ ነፍስ» ሲባል እንሰማለን። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? «የሕፃናት አጸደ» ብሎ መጻፍስ ያስኬዳል?

መልስ፦ የሚያገናኛቸው ዐጸድ የሚለው የግእዝ ስም ነው። ዙሪያው የታጠረ፣ ወሰኑ የታወቀ ቦታ ማለት ነው። በውስጡ ያለው ነገር እንደ አገባቡ ይለያያል። ወይን ከተተከለበት ዐጸደ ወይን ይባላል፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የወይን ቦታ» የሚለው ነው። የቤተ መቅደስ ከሆነ ግቢው ነው፦ መዝሙር 99 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 100) «ወውስተ አዕጻዲሁ በስብሐት» ሲል፣ አዕጻድ የዐጸድ ብዙ ቁጥር ነው፤ አማርኛው «አደባባዮቹ» ብሎታል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ዛፍ አጸድ የሚሉም አሉ፤ የግቢው ስም ለግቢው ዛፍ ተረፈ ማለት ነው።

የቃሉ ጎረቤቶች ከአማርኛ ጋር አብረው ተለውጠዋል። ሐጹር አጥር ሆነ፣ ቅጽር ደግሞ ቅጥር፤ ጸጉር ጠጉር እንደ ተባለው ሁሉ ጸ ወደ ጠ ዞሯል። ዐጸድ ግን በአብዛኛው በቤተ ክህነት አፍ ስለ ኖረ ጸውን አልለቀቀም። ብቻውን ሲነገር ለብዙ ሰው እንግዳ የሚሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

«አጸደ ሕፃናት» ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1840 ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤቱ ካወጣው «ኪንደርጋርተን» ከሚለው የጀርመንኛ ስም ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ያም «የልጆች አትክልት ቦታ» ማለት ነው። ዐጸድ ግቢንም የተክል ቦታንም ስለሚይዝ፣ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝለትም ነበር። «አጸደ ነፍስ» ደግሞ የነፍስ ስፍራ ነው፤ ጥንዱ «አጸደ ሥጋ» ሲሆን በሕይወተ ሥጋ ያለ ሰው ያለበት ነው። ስለዚህ «በአጸደ ነፍስ» ማለት «በገነት» ማለት አይደለም፤ ከሥጋ መለየትን እንጂ የፍርዱን ውጤት አይናገርም።

ወደ ሰዋስዉ ስንመጣ፣ «የሕፃናት አጸደ» ስሕተት ነው። በመጨረሻው ላይ «ድ» ወደ «ደ» መለወጡ የግእዝ ዘርፍ ምልክት፣ ማለትም እንደ አማርኛው «የ» ባለቤትን የሚያመለክት ነው፤ ቤት «ቤተ መጻሕፍት»፣ ሀገር «ሀገረ ስብከት» እንደሚሆነው። ምልክቱ የሚሠራው ባለቤቱ ከኋላ ሲመጣ ብቻ ነው። በአማርኛው «የ» ከተጠቀምን «የሕፃናት አጸድ» ማለት አለብን። «አጸደ ሕፃናቶች»ም አይሆንም፤ ሕፃናት ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፣ ሲጨመርበትም የሚበዙት ልጆቹ እንጂ ትምህርት ቤቶቹ አይደሉም። ብዙ ትምህርት ቤቶችን ለማለት «አጸደ ሕፃናት ትምህርት ቤቶች» ይበቃል።

ፊደሉን ለሚጠነቅቅ፣ ዐጸድ በዐይኑ ዐ እና በጸሎቱ ጸ ነው፤ ሕፃናት በፀሐዩ ፀ። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለቱም በአንድ ፀ ተጽፈው የሚታዩት፣ የኋለኛው ቃል ፊደል የፊተኛውን ስቦት ይመስለኛል።