ግላስጎው የሚኖር ፖላንዳዊ ለምን ድምፅ ሰጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ስለ ስኮትላንድ ተከራክረን አልተስማማንም። እሱ «የራሷ ብሔራዊ ቡድን አላት፣ ፓርላማ አላት፣ በቃ ነፃ አገር ናት» ይላል። እኔ ደግሞ ነፃ ከሆነች ለምን የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ እላለሁ። ሕዝቡስ ምንድን ነው የሚፈልገው?
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ልጄ፣ በዋናው ነገር አንቺ ልክ ነሽ። ስኮትላንድ የብሪታንያ አንዷ ክፍል ናት፤ በተባበሩት መንግሥታት የራሷ ወንበር የላትም። ወንድምሽን ያሳሳተው ኳሱ ነው። ስኮትላንድና እንግሊዝ ግላስጎው ላይ የተጋጠሙት በ1872 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ፊፋ የተቋቋመው በ1904 ነው። ቡድኑ ከፊፋ በፊት ነበር፤ የነፃ አገርነት ማስረጃ ግን አይሆንም።

ፓርላማው ቀላል ነገር አይደለም። በ1707 ከእንግሊዝ ጋር ሲዋሐዱ የኤድንብራው ፓርላማ ተዘጋ። ፍርድ ቤታቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውና ትምህርታቸው ግን የራሳቸው ሆኖ ቀጠለ። ፓርላማ ይኑረን ብለው ድምፅ የሰጡት በ1997 ነው። ቀኑ በእኛ እንቁጣጣሽ ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም.። ከመቶ 74ቱ ደገፉት። ዛሬ 129 አባላት አሉት። ጤና፣ ትምህርት፣ ፖሊስና ግብርና በእጁ ነው። ጦሩ፣ የውጭ ጉዳዩና ገንዘቡ የለንደን፣ ማለትም የብሪታንያ መንግሥት ነው። ወደ አንቺ ላምጣው፦ ስኮትላንዳዊት ተማሪ እዚያው አገሯ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከኪሷ የትምህርት ክፍያ አትከፍልም። የእንግሊዟ እኩያዋ በዓመት ከ9 ሺህ ፓውንድ በላይ ትጠየቃለች። ያም ሆኖ ይህን ሁሉ ሥልጣን የሰጠው የለንደን ፓርላማ ያወጣው ሕግ ነው። የበላዩ አሁንም እሱ ነው።

የነፃነቱ ድምፅ የተሰጠው በ2014፣ በእኛ መስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ 85 ያህሉ ወጣ። ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 55ቱ «አይሆንም»፣ 45ቱ «አዎ» አሉ። ግላስጎውና ዳንዲ «አዎ» ሲሉ ኤድንብራ እንቢ አለች።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ይህን ስናወራ ሰው ነገሩን የጥላቻ ጉዳይ ያደርገዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ልክም አይደለም። «አይሆንም» ካሉት ብዙዎቹ ስኮትላንድን ይወዳሉ። የሰጉት ፓውንዱ ይቀርብን ይሆን፣ ጡረታችንስ ምን ሊሆን ነው ብለው ነው። «አዎ» ባዮቹም ዋና ክርክራቸው እኛ ያልመረጥነው መንግሥት አይዘዝብን የሚል ነበር። መሐል ላይ ደግሞ «አንገንጠል፣ ግን ሥልጣናችን ይጨመር» የሚሉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ለእነሱ የሚሆን ምርጫ አልነበረም። በኋላ ለንደን የገቢ ግብር ምጣኔን መወሰንን ጨምሮ ሥልጣን ጨመረችላቸው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2016 ከመቶ 62 ስኮትላንዳውያን ከአውሮፓ ኅብረት አንወጣም አሉ፤ ከብሪታንያ ጋር ወጡ። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አትችሉም አላቸው። ዛሬም የሕዝብ አስተያየት ሲሰበሰብ ግማሽ በግማሽ ለመሆን የተቃረበ ነው። ወጣቱ ወደ ነፃነት፣ አዛውንቱ ወደ አንድነት ያደላል። እኔን የገረመኝ የ2024ቱ ምርጫ ነው። ነፃነት አቀንቃኙ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ለለንደን ፓርላማ ከ57 መቀመጫ 9 ብቻ አገኘ። የነፃነት ደጋፊው ቁጥር ግን እንደዚያ አላሽቆለቆለም። ሕዝቡ ፓርቲውንና ሐሳቡን ለየብቻ ይመዝናል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ። በ2014 ድምፅ የሰጠው ማን ነው? ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖር ሰው። ኤድንብራ ተወልዶ ለንደን የሚኖር ድምፅ አልነበረውም። ከፖላንድ መጥቶ ግላስጎው የሚሠራ ነበረው። የ16 ዓመት ልጅም ነበረው፤ አንቺ እዚያ ብትሆኚ ትመርጪ ነበር። ደንቡን ወደ እኛ አምጥተሽ እዪው። ከብቸና ወጥቶ ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ የኖረ ሰው ስለ ጎጃም ድምፅ አይኖረውም። ከወሎ መጥቶ ፍኖተ ሰላም ሱቅ የከፈተ፣ ልጆቹን እዚያው የሚያስተምር ይኖረዋል። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ አሉ። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ውሳኔው ቢጠምም ቢቃናም ከውጤቱ ጋር የሚኖረው እሱ ነውና። የማትስማሙ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።